ስቡ በአንዴ የቀዘቀዘ ቀን

በፈጠራ ወሬው "ቀደዳው" የሚሉት የላቦራቶሪ ረዳት ከሥራ ለመቅረት እናቱን ሁለቴ ገድሏል፤ አንዴ ለኳስ፣ አንዴ እንቅልፍ አሸንፎት። የላቦራቶሪው ሰው ሁለቴም ከንፈር መጦለታል፤ ሁለቴም እናትየው ራሳቸው አለቃው ዶክተሯ ጋ ደውለው፣ "ልጄ ምሳ በልቷል?" ብለው አጋልጠውታል።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት እህቱ ደውላ፣ "እማዬ አረፈች፤ ቀብሩ ከሰዓት ነው፤ ቶሎ ና" ስትለው፣ በምን አፉ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ግራ ገባው። እንባም አልመጣለት። ጋዋኑን ለብሶ ማይክሮስኮፑ ፊት ቁጭ አለ።

"ዶክተር፣ እናቴ ሞተች።"

ዶክተሯ ቀና አላለችም። "አሁንም? እኚህ ሴትዮ መሞት ለመዱ እኮ። ይልቅ ናሙናውን አቀዝቅዝልኝ፤ ዛሬ ፎቶው ካልደረሰ ጉዴ ፈላ።"

"እሺ" አለ።

ናሙናው የሕዋስን ሽፋን አስመስለው የሠሩት ስስ የስብ ሽፋን ነው። ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ እንደ ገበያ ሰው ይተራመሳሉ፤ ሲቀዘቅዝ ሥርዓት የሚወዱት ተጠጋግተው ይሰለፉና ደሴት ይሠራሉ። ቀስ ተብሎ ከቀዘቀዘ ደሴቶቹ እየተዋሃዱ ድብልብል ብለው ይሰፋሉ። ሥራው የማቀዝቀዣውን ቁልፍ ትንሽ ማዞር፣ መጠበቅ፣ ደግሞ ትንሽ ማዞር ነው። ሌላው ሰው ይሰለቸዋል። ቀደዳው ግን ወሬ አለው፤ አያቱ በአንድ ፉጨት ወንዝ እንዳስቆሙ፣ ዓሦቹም ተሰልፈው ይቅርታ እንደጠየቁ ሲተርክ ስቡ ራሱ የሚያዳምጥ ይመስላል። የእሱ ደሴቶች ሁሌም ትልልቅ ናቸው።

ዛሬ ቁልፉን ያዘና እስከ መጨረሻው አዞረው። ለምን እንደሆነ አላወቀም። ጣቱ የሌላ ሰው ጣት መሰለው።

ዶክተሯ መጥታ ስክሪኑን አየች። ደሴት የለም፤ እንደተበተነ ዱቄት ያለ ነጠብጣብ ብቻ።

"ምነው፣ ሙቀቱን በአንዴ አወረድከው?"

"እንጃ።"

"ወሬስ? የአያትህ ወንዝ የት ሄደ?"

"ዛሬ የለም።"

ያኔ ነው ፊቱን ያየችው። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

"እውነትህን ነው እንዴ?"

"መልሼ ላሙቀውና እንደ አዲስ ላቀዝቅዘው። ይስተካከላል።"

እጁን ከቁልፉ ላይ አነሳችለት። "ጋዋንህን አውልቅ። እኔ አደርስሃለሁ።"

"ፎቶውስ?"

"ጉዴ ይፍላ።"

መኪናው ውስጥ የዶክተሯ ስልክ ከመሪው አጠገብ ተቀምጧል። ቀደዳው መንገዱን ትቶ እሱን ያያል። እናቱ እንደ በፊቱ ደውላ ታጋልጠው እንደሆነ።