የመስኮት ዳር አይጦች

በቤተ ሙከራው ውስጥ «ሞግዚቱ» ይሏቸዋል። ስድሳ አራት ያረጁ አይጦችን ማብላት፣ ማጠጣትና ሳጥናቸውን ማጽዳት የእሳቸው ሥራ ነው። በሃያ ሦስት ዓመት አንድም አይጥ ነክሷቸው አያውቅም፤ «እኔን የምትነክሰኝ ሚስቴ ብቻ ናት» እያሉ ያስቃሉ።

የአይጦቹ ባለቤት ዶክተሯ ናት። ሰው ፊት «ዶክተር» ይሏታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን «ልጄ» ነው። ሥራዋን አንድ ቀን አስረድታቸው ነበር። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ኤን ኤ ዲ የሚባል ኮኤንዛይም አለ፤ ከምግብ የሚገኘውን ኃይል እየተቀበለ የሚያቀብል ተሸካሚ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይመናመናል።

«የእኔዎቹ ተሸካሚዎችማ ጥለውኝ ጠፍተዋል በይኛ!» አሉና ጉልበታቸውን አሻሹ።

ሙከራው ቀላል ነበር። ከአይጦቹ ግማሹ ሰውነታቸው ኤን ኤ ዲ የሚሠራበት ዱቄት በውኃ ተበጥብጦላቸው ይጠጣሉ፤ ግማሹ ንጹሕ ውኃ። የትኛው ሳጥን ምን እንደሚጠጣ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ካለው ወረቀት በቀር የሚያውቅ የለም። ከአራት ወር በኋላ አይጦቹ በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ እስኪደክማቸው ሮጡ፤ ፖስታውም ተከፈተ።

ጉድ ፈላ። ዱቄቱን የጠጡት ትንሽ ሻል ብለዋል። ከሁሉም አስበልጠው የሮጡት ግን መስኮት ዳር ያሉት የሁለት ሳጥን አይጦች ነበሩ፤ የጠጡት ደግሞ ንጹሕ ውኃ!

«የጠርሙሶቹን ቁጥር አምታትቻለሁ» አለች ዶክተሯ። ሁለት ቀን ሙሉ እህል በአፏ ሳይዞር የገዛ ማስታወሻዋን ስታገላብጥ ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ለአለቃዋ ልትጽፍ ተቀመጠች። ሞግዚቱ መጥረጊያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ልጄ፣ ተይው አትጻፊ። ጠርሙሱ አልተምታታም።»

«እርስዎ በምን ያውቃሉ አባባ?»

«እኔ ነኝ። መስኮት ዳር ብርድ ይገባል፤ እርስ በርስ ተቃቅፈው ሳያቸው አንጀቴን በሉት። መጋዘን ውስጥ የተጣለ መሮጫ መንኮራኩር አገኘሁና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ አንድ ሰዓት ሳስሮጣቸው ነበር። እንዲሞቃቸው ብዬ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ።»

«አባባ! የአራት ወር ልፋቴን እኮ ነው ገደል የከተቱት!»

ጮኻባቸው አታውቅም ነበር። ሞግዚቱ ቀስ ብለው የክፍሉን ቁልፍ ከወገባቸው ፈቱና ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«ቁልፍ ማን ጠየቀዎት?» አለችና ፊቷን አዙራ ወጣች።

በማግሥቱ አለቃው ከዶክተሯ ሰምቶ ጠራቸውና በጽሑፍ አስጠነቀቃቸው፤ የመስኮት ዳሮቹ ስምንት አይጦች ከሙከራው ወጡ፤ የቀረው ውጤት ደግሞ ምንም ለማለት የማይበቃ ሆነ። ሥራው በቃኝ ብለው ሊሰናበቱ ወደ ዶክተሯ ሲገቡ፣ አዲስ ደብተር ዘረጋችላቸው።

«የሚሠራ ጡንቻ ራሱ ኤን ኤ ዲ እንደሚያበዛ አውቅ ነበር፤ ግን ሩጫን ከዱቄቱ ጋር ላወዳድር አላሰብኩም። አሁን እንደገና እንጀምራለን። አንዱ ወገን ዱቄት፣ አንዱ ሩጫ፣ አንዱ ምንም። እያንዳንዷን ደቂቃ እዚህ ላይ ይጽፋሉ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ያልተጻፈ ርኅራኄ ግን ሁለተኛ እንዳላይ!»

ሞግዚቱ ሊስቁ ፈልገው ዕንባቸው ቀደማቸው። ሁለት ወር የቀረውን ጡረታቸውን በአንድ ዓመት አራዘሙ፤ ሚስታቸውም «እኔም ዐረፍኩ» አሉ።

ዓመቱ ሲያልቅ ሯጮቹም ዱቄት ጠጪዎቹም ከሌሎቹ በረቱ፤ ሯጮቹ ግን በጥቂት መሩ። ሞግዚቱ ዶክተሯን ጠጋ ብለው፣

«ከዚያች ዱቄት ለእኔም አንድ ማንኪያ ጣል ብታደርጊልኝስ?» አሏት።

«አይሆንም! ይኼ የአይጥ ወሬ ነው፤ በሰው ላይ ገና ብዙ ይቀረዋል። ይልቅ ይምጡ፣ እስከ ፌርማታው በእግር እንሂድ።»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ አብረው ይሄዳሉ። ጉልበታቸውን እንዳያማቸው ብላ እርምጃዋን ስታዘገይ፣ እሳቸው ቀደም ይሉና ዘወር ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምነው ተጎተትሽ?» ይሏታል።