ጥርሱ የወለቀው ጊር

«ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ሰው አለቀሰልኝ!» አለ ሬድዮ፣ ኮፍያውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆሞ። «በቁሜ!»

ከፋብሪካው ክበብ በተዋሷቸው ወንበሮች ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ቀሩ። ሬድዮ የሚሉት ከሽመና ክፍል በጡረታ የወጣ፣ አፉ የማያርፍ ጎረቤት ነው። ሟቹን መካኒክ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በግድግዳ ማዶ ሲያወራው ኖሯል።

«እንዴት ያለ ነገር ነው?» አለች እትዬ ቋጠሮ፣ የሟቹ ሚስት፣ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ።

«እንዴት ማለት? ሰተት ብለው ገቡ። ሚስቴን አቅፈው ‹ያጽናሽ፣ ምን ያለ ደግ ሰው ነበር› ይሏታል። እኔ ጥግ ላይ ሻዬን እጠጣለሁ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹አሜን› ብላ ተቀበለች እንጂ!»

አንዷ ለቀስተኛ በመሐረቧ ፊቷን ሸፈነች፤ ለእንባ እንዳልሆነ ትከሻዋ አሳበቀባት።

በሰዎቹ አይፈረድም። ሰፈሩን ያቀደው ሰው አንድ ቤት ነድፎ ሦስት መቶ ሃያ ጊዜ የገለበጠው ይመስላል፤ ስምንት መስመር፣ በየመስመሩ አርባ ቤት፣ በየቤቱ ሁለት ክፍል፣ አንድ አረንጓዴ በር፣ አንድ መስኮት፣ ደጅ ላይ አንድ ዛፍ። መስመሩ ሁሉ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ያያል።

ሁለቱ ጎረቤታሞች እዚህ በገቡ በሳምንታቸው፣ መካኒኩ ከፈረቃ ወጥቶ በማለዳ እንቅልፍ እያዳፋው መጣ። በር ከፈተ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። የሬድዮ ሙሽራ የባሏ እንግዳ መስሏት ቁርስ አቅርባለት ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ እሱም ቀና ሳይል ይበላ ጀመር። ሬድዮ ገባ። የማያውቀው ሰው ተደላድሎ ሲበላ ቢያይ «ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቻለሁ» ብሎ ወጣ። መስመሩን ዞሮ፣ የበሩን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቦ ነው የተመለሰው። ወንድማማችነታቸው ከዚያ ቁርስ ይጀምራል።

በማግስቱ መካኒኩ አንድ ጥርሱ የወለቀ አሮጌ ጊር ከማሽን ክፍል አምጥቶ ከበሩ ጎን ሰቀለ። በጭጋግም ቢሆን ክፍተቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ «ቤቴ ነው» ይል ነበር። ሰፈሩም ተከተለው፤ ቀለም ነካሪው ሰማያዊ የቆርቆሮ ክዳን፣ ዘበኛው ዝገት የበላው ቁልፍ ሰቀለ። ፖስተኛው ቁጥር ማንበብ ተወ። እምቢ ያለው ሬድዮ ብቻ ነው፤ «እኔን በድምፄ ያገኙኛል» ብሎ።

ጊሩ የተሰቀለበት ሲባጎ በየዓመቱ ሲያልቅ ማሰሩ የእትዬ ቋጠሮ ፈንታ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ዓመት የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራለች፤ «ቋጠሮ» መባሏም ከዚያ ነው። «አንቺ እሰሪው» ይላት ነበር ባሏ፤ «ለኔ ብረት እንጂ ክር አይታዘዝም።»

ትናንት ልጇ ጊሩን አውርዶ፣ በሸሚዝ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ሳምንቱ ሲያልቅ እናቱን ወደሚሠራበት ከተማ ሊወስዳት ቆርጧል፤ ያባቱን መታሰቢያ አስቀድሞ መሸከፉ ነው። አይታዋለች። እሺም እምቢም አላለችም።

«ይዟት ሊሄድ ነው አሉ» ተንሾካሾከች አንዷ ጎረቤት።

«ታዲያ ብቻዋን ከማን ጋር ታወራለች?»

«ከሬድዮ ጋር ነዋ! እሱ መች ይዘጋል?»

ሬድዮ ሰምቶ እንዳልሰማ ወንበር ሳበ። «አራተኛውን ግን አልነገርኳችሁም።»

«ጋሼ፣ ተወው በቃ» አለ ልጁ ከጥግ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«ይሄ ልጅ ለቀስተኛ ሸኝቶ ሲመለስ ቀጥ ብሎ እኔ ቤት። ጫማውን አወለቀ። ጠረጴዛዬ ጋ ተቀመጠ። ሚስቴ ምን ብትለው ጥሩ ነው? ‹ቁርስ ላቅርብ?›»

እትዬ ቋጠሮ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ። ሦስት ቀን ሙሉ አልመጣ ያላት እንባ ከሳቁ ጋር አብሮ መጣ። ሊያባብሏት የተነሱትን በእጇ መለሰቻቸው፤ ማንም እንዲያስቆምባት አልፈለገችም።

«አውጣው» አለችው ልጇን፣ ዓይኗን እየጠረገች።

«ምኑን፣ እማዬ?»

«ያባትህን ጊር።»

«ይዘነው ልንሄድ አይደል እንዴ?»

«አንተ ትሄዳለህ፤ ሥራ አለህ። ደግሞ ልጆችህን ይዘህ ትመጣለህ። ያን ጊዜ ቤቱን በምን ታውቀዋለህ?»

«ብቻሽን ልተውሽ?»

«ይሄ ሰውዬ ከግድግዳዬ ማዶ እያለ? ብቻዬን መሆን ብፈልግስ የት አገኘዋለሁ!»

ሬድዮ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ፤ እንደገና አወለቀ።

ሚስማሩ መካኒኩ እንደተከለው ነበር፣ በሰው ትከሻ ልክ። ልጇ ጊሩን ደግፎ ያዘላት። ሲባጎውን ሁለት ጊዜ አዙራ ቋጠረች፤ የጎደለውን ጥርስ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያም፣ እንደ ፋብሪካው ዘመኗ፣ ጠጋ ብላ ትርፉን ክር በጥርሷ በጠሰችው።