የጭድ ተራው ጥሩምባ

ከጭድ ተራ ጀርባ ያለው እድር ጥሩምባውን የሚነፋው፣ ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። ስንቱ መንግሥት መጥቶ «አውሱን» ቢል፣ ወይ ፍንክች! የእድሩ ሊቀመንበርም ጥሩምባ ነፊም ጋሽ ዱባለ ነበሩ፤ በዚህ ይኮራሉ።

ታዲያ ቤታችን አይፍረስብን ብሎ እድርተኛው የራሱን ኮሚቴ መርጦ ፊርማ ሲያሰባስብ፣ ብሩክ የሚባል የወረዳ ሹም ፈገግ እያለ መጣ።

«ጋሼ፣ ጥያቄያችሁ ትክክል ነው። አብረን እንሥራ። ሰዉን ለስብሰባ ለመጥራት ጥሩምባዋን አንዴ ይንፉልኝ እንጂ፣ ለሌላው እኔ አለሁ።»

ባለቤታቸው ባይነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ተው ዱባለ! እሷ የለቅሶ ናት። ዛሬ ለሹም ከነፋሃት፣ ነገ ለእኛ ማን ይመጣል?»

«አንቺ ደግሞ! ሰፈሩን ላድን ነው እኮ።»

ነፉ። ሰዉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላውን ዘቅዝቆ ሮጠ። በእድሩ ድንኳን ውስጥ ያገኘው ግን ብሩክን ነው፤ ማይክ ይዞ። ስም ተመዘገበ፣ ተጨበጨበ፣ ሕዝቡ የመረጠው ኮሚቴ ቀርቶ ወረዳው የመረጠው ተተካ። አንዴ የተባለችው አምስቴ ሆነች። በአምስተኛው «ለልማት ትነሳላችሁ» ተባሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው! ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ ሲሰማ ሰፈርተኛው በሩን ይቀረቅራል።

ሐምሌ ላይ ባይነሽ ሆስፒታል አረፈች። ጋሽ ዱባለ ጠዋት ብቻቸውን ተመልሰው ጥሩምባዋን ከግድግዳ አወረዱ። ለገዛ ሚስቱ የሚነፋ ሰው አያድርስ ነው! ከላይ እስከ ታች እየዞሩ ነፉ። አንድም በር አልተከፈተም። የእትዬ ቦሰናን በር ደበደቡ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታስፈርሙን ነው?» አሉ እትዬ ቦሰና ከውስጥ። «አልመጣም፣ ቅጡኝ!»

ጋሽ ዱባለ «ባይነሽ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ እትዬ ቦሰና ግን ጓዳ ገብተው ነበር። ሊፈርዱባቸውም አልቻሉም። ጥሩምባዋን ለሹም የነፉት ራሳቸው ናቸው። ተመልሰው ደጃቸው ላይ ቁጭ አሉ።

በመጨረሻ አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ብሩክ ነው፤ ደብተሩን በብብቱ ይዟል።

«ጋሼ! ያለ ወረዳው እውቅና ስብሰባ የጠራው ማነው?»

ጋሽ ዱባለ ቀና ብለው አዩት።

«ባይነሽ ናት» አሉት። «ሬሳ ክፍል ተኝታ ትጠብቃለች። ከሰፈሩ ሁሉ የመጣኸው አንተ ብቻ ነህ፤ በል፣ ቃሬዛውን በአንድ በኩል ያዝልኝ።»