ቤርሳቤህ የፈጠረቻቸው ጦስኝ ለቃሚዎች

ቤርሳቤህ በኮምፒውተሯ ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ፈጥራለች። እያንዳንዷ ቀይ ነጥብ ናት፤ ጠዋት ከጉለሌ ትነሣለች፣ እንጦጦ ወጥታ ጦስኝ ትለቅማለች፣ ትመለሳለች። ተራራው ስንት ዓመት እንደሚችላቸው ማወቅ ነው የቤርሳቤህ ሥራ። የነጥቦቹን ልክ ለማግኘት እውነተኞቹን ለቃሚዎች ቤት ለቤት ዞራ ጠየቀች። አብራቸው ተራራ መውጣት ግን አላማራትም፤ ወንበር ምን ሊሆን ተሠራ!

«በቀን ምን ያህል ይለቅማሉ?» አለቻቸው እትዬ አስቻለችን፣ በጦስኝ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉትን መበለት።

«ሙሉ ጆንያ፣ ተመስገን!»

ሌሎቹም እንደዚያው አሏት። መዘገበች። ነጥቦቹ በአራት ዓመት ተራራውን መላጣ አደረጉት። አለቃዋ ኤርሚያስ ደስ አለው፤ አስደንጋጭ ሪፖርት ቶሎ ይነበባል። ተነበበም። በወሩ ተዳፋቱ በሽቦ ታጠረ፣ ዘበኛ ቆመበት።

እትዬ አስቻለች መንገድ ላይ ያዟት።

«ልጄ፣ ጦስኙን ጨረሱት ብሎ ያሳጣን ማነው?»

«እርስዎ ራስዎ ሙሉ ጆንያ አላሉኝም?»

«ታዲያ ጎደለ ልበል? የእግዜር ሲሳይ ጎደለ ይባላል? ሲሶዋ ከሞላችልኝ እኮ ለእኔ ፋሲካ ነው! ይህን የማያውቅ አለ እንዴ?»

ቤርሳቤህ ታውቃለች። እናቷ እንጀራ ሲያልቅ «በረከተ» እንጂ «አለቀ» ብላ አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው ያደገችበትን ለመርሳት ኖሯል? በራሷ አፈረች፤ ከእፍረቷም ንዴቷ ባሰ።

ያን ቀን ጆንያውን በሲሶ ቀይራ ነጥቦቹን እንደገና ለቀቀቻቸው። ሃምሳ ዓመት ለቀሙ፣ ተራራው አልተነካም። ወደ ኤርሚያስ ሮጠች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለና ሳቀ። «በቃ፣ ሪፖርቱ ወጥቷል። ይሄንን ለሚቀጥለው ጥናት አስቀምጪው።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ኮምፒውተሯን ይዛ እትዬ አስቻለች ቤት ሄደች። ጥፋቷን ነገረቻቸው፣ የታረመውንም አሳየቻቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ቀይዋ ነጥብ አረንጓዴው ውስጥ እየለቀመች ወጣች። እትዬ አስቻለች አቀርቅረው ብዙ አዩዋት።

«እሷስ ታድላለች» አሉ። «አጥር የለባትም።»