መቃኑ ላይ ያለው ምስማር

ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ከቤታችን በር መቃን ላይ ግን አንድ የዛገ ምስማር ማንም እንዲነቅል አይፈቅድም። እናቱ፣ አማቴ፣ በከፍታ ዝላይ ለአገራቸው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ያመጡት ልክ እስከዚያ ድረስ ዘለው ነው። እንግዳ ሲመጣ ምስማሩ ሥር ያቆሙትና፣ «አናትህን ዘልዬሃለሁ፤ አሁን አርፈህ ግባ» ይሉት ነበር።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያልፋቸው ኖሩ። አልጋ ላይ በዋሉበት ወር ግን አንዲት ልጅ ውጭ አገር ተወዳድራ ክብረ ወሰናቸውን ሰበረች። ባለቤቴ ወዲያው ቴሌቪዥኑን ነቅሎ ወደ ሥራ ቤቱ ወሰደው።

«ተበላሽቷል በያት» አለኝ። «ይህን ከሰማች ትሞትብኛለች።»

ሳልወድ እሺ አልኩ። በእናቱ ከመጡበት እንደ ሕፃን ነው፣ ምን ይደረጋል። ልጅቷ አበባ ይዛ ልትጠይቃቸው ስትመጣ እንኳ፣ «ተኝታለች» ብሎ ከደጅ መለሳት።

አማቴ በየጠዋቱ ይጠይቁታል። «ዛሬም ያለፈኝ የለም?»

«ማን ችሎ፣ እማዬ!»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እሱ ደስ ያላቸው ይመስለዋል።

አንድ ቀን እግራቸውን ሳጥባቸው እጄን ያዙኝ። ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። «ልጄ፣ የመጀመሪያዋ ሲሉኝ የምትከተለኝ ትመጣለች ብዬ ነበር። ለካ የመጨረሻዋም እኔው ነኝ። በከንቱ ደከምኩ።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «መጥታለች እኮ! ባለፈው ወር አልፋዎታለች!»

ፈገግ አሉ። «ልታጽናኚኝ ነው። እውነት ቢሆን ልጄ ይነግረኝ ነበር። እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ውኃውን እንደያዝኩት ወደ ሥራ ቤቱ ሮጥኩ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ታቅፎ ሲደርስ እናቱ አይናገሩም፣ አይሰሙም። ገመዱን እየሰካ፣ «ታልፈሻል እማዬ! አንዲት ልጅ አልፋሻለች!» እያለ ጆሯቸው ላይ ጮኸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም። ተመልሼ የያዝኩት እጃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ልጅቷ ለልቅሶ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ምስማሩን በጣቷ ነካችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ስለ እኔ ሰምተው ነበር?» አለችው ባለቤቴን።

እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ነግሬያታለሁ» አላት።

መቼ እንደነገራቸው ግን አላለም።