ከቀለጣ የተጠጣ ውሃ

የገብረሥላሴ ብስክሌት ከመንገዱ ጠርዝ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ሲንገዳገድ ሚፍታ ከኋላ ሆኖ አየው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ካለ በኋላ ሰውየው እግሩን ሳያወርድ ከነብስክሌቱ ዘጭ አለ። ሚፍታ የራሱን ብስክሌት መንገድ ላይ ጥሎ ሮጠ።

“ገብሬ፣ ምን ሆንክ?”

“ምንም። ትንሽ ራሴን አዞረኝ እንጂ።”

ከንፈሩ ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። ሚፍታ ደግፎ የግራር ጥላ ሥር አስቀመጠውና ውሃ ሊሰጠው ኮዳውን ከብስክሌቱ ላይ ነቀለ። ኮዳው ከበደው። ጠዋት አሰላ ላይ እንደተሞላ ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም።

“አልጠጣህም እንዴ እስካሁን?”

“አንተ ጾመህ እየነዳህ፣ እኔ ፊትህ ላይ ኮዳ ላንቃርር?” አለ ገብረሥላሴ። “ነውር አይደለም?”

ሚፍታ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ሁለቱ የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ሚፍታ የአሰላ ልጅ ነው፤ ገብረሥላሴ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ፣ ቀስ በቀስ ወንድም የሆነው ሰው። የቢሮው ብስክሌተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ይወጣሉ። የዛሬው የዓመቱ ትልቁ ጉዟቸው ነው፤ ከአሰላ ብርድ ወርደው፣ የቀለጣን ወንዝ ተከትለው፣ ዴራ ሙቀት ውስጥ ይገባሉ። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። ገብረሥላሴም የሁዳዴ ጿሚ ነው፤ ነገር ግን ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ውሃ የሚከለክለው አልነበረም።

ጉዱ፣ ሚፍታንም የሚከለክለው አለመኖሩ ነው። ሌሊት ለጾሙ ሱሁር ሲበሉ ሚስቱ ዙቤዳ፣ “መንገደኛ ነህ፣ ይፈቀድልሃል። ውሃህን ያዝ፤ ሌላ ቀን ጾመህ ቀዷ ታወጣለህ” ብላው ነበር። እሱ ግን ዐርብ ከሰዓት፣ ቢሮው ሁሉ እየሰማ፣ “እኔ ለብስክሌት ብዬ ጾም አላፈርስም፤ እንዲያውም በጾም አፌ እቀድማችኋለሁ” ብሎ ደረቱን ነፍቷል። ማንም አልጠየቀውም፤ ምላሱ ነው የቀደመው። ከዚያ በኋላ በየት በኩል ይመለስ?

ዛሬ ግን ቆላው ሲጀምር ጉሮሮው ደረቀ። ቡድኑን የሚመራው ኢብሳ ሌሎቹን ይዞ ርቆ ስለነበር ከኋላ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀለጣ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ሚፍታ፣ “ፊቴን ልታጠብ” ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። ገብረሥላሴ ብስክሌቶቹን ይዞ መንገድ ዳር ቆመ። ሚፍታ ከብት ያደፈረሰው ውሃ ላይ ተደፍቶ በእፍኙ እየቀዳ፣ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ሲመለስ ገብረሥላሴ፣ “ቀዝቃዛ ነው?” አለው።

“ለፊት ደህና ነው” ብሎ መለሰለት።

አሁን ያቺን መልሱን ሲያስባት ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። እሱ ጠግቦ ሲነዳ፣ ይሄ ሰው ለእሱ ክብር ብሎ ደርቋል።

“ጠጣ፣” አለና ኮዳውን አፉ ላይ ደቀነለት።

ገብረሥላሴ ፊቱን አዞረ። “ስንገባ እጠጣለሁ። አንተ የቻልከው እኔን ይገድለኛል?”

“እየው፣ ቀልድ አይደለም። ዓይንህ ገብቷል።”

“ጀምሬዋለሁ፣ እጨርሰዋለሁ። ዝም ብለህ ትንሽ አሳርፈኝ።”

እውነቱን መናገር ብቻ በቂ ነበር። አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰበት፤ ወኔ አጣ። ይልቅ ክዳኑን ከፈተና ገብረሥላሴ እያየው ተጎነጨ።

“ይኸው፣ እኔም ጠጣሁ። አሁን ምን ሰበብ አለህ?”

ገብረሥላሴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ኮዳውን ተቀብሎ ትን እስኪለው ድረስ ጠጣ። ፊቱ ትንሽ ደም ሲዘዋወርበት ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ለእኔ ብለህ ጾምህን አፈረስክ?”

“ተወው፣ ጠጣ።”

“እንዴት እተወዋለሁ? የእናቴ ልጅ እንኳ ይህን አያደርግልኝም። ስንደርስ ለኢብሳም ለሁሉም እነግራለሁ። ሰኞም ቢሮ ላይ አወራለሁ፤ ማን እንደሆንክ ይወቁ።”

ምስጋናው ለአፍታ ጣፈጠው፤ መጣፈጡ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አሳፈረው። ገብረሥላሴ እጁን ስቦ ሊስመው ጎንበስ አለ። ሚፍታ እጁን መነጨቀው።

“እጄን ተው። ድልድዩ ጋ ፊቴን ብቻ አይደለም የታጠብኩት። ጠጥቻለሁ። እስክጠግብ ነው የጠጣሁት።”

ገብረሥላሴ ቀና ብሎ አየው።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ምን እልህ ነበር?”

“ምንም አትለኝም፤ አውቃለሁ። አፍሬ ነው።”

“እኔ ስወድቅ እያየህም አፈርክ?”

ሚፍታ አንገቱን ደፍቶ ጠጠሩን በጣቱ ይቆፍር ጀመር። ገብረሥላሴም አልተቆጣም፣ አልሳቀም፤ ኮዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ያያል። ቢቆጣ በቀለለው ነበር።

የገብረሥላሴ ስልክ ጮኸ። አውጥቶ አየው።

“ኢብሳ ነው፤ ገብተው እየጠበቁን ይሆናል። ለምን ቆያችሁ ቢለኝ ምን ልበለው?”

ሚፍታ እጁን ዘረጋ።

“ስጠኝ፣” አለ። “ድምፁን ክፈተውና ስጠኝ፤ ሁሉም ይስሙ።”