ሰውን ቁጭ ብሎ መቀበል

ጠበቃዋ ማዳም ፔሬ በሩን ከፍታ ስትገባ ዓብዱልሰመድ ከወንበሩ ብድግ አለ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ፈገግ ብሎ ተነሳ። እሷ ግን የዘረጋላትን እጅ አልጨበጠችም። በሩ ላይ እንደቆመች አየችውና አጠገቡ ወደተቀመጠችው ልጁ ወደ ሉበና ዞራ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» ሲል ጠየቀ።

«ችግሩ ይሄ ነው ትላለች» አለች ሉበና። «መነሳትህ፣ አባ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓብዱልሰመድ የደሴ ልጅ ነው፤ ጄኔቫ የገባው በጎረምሳነቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱን የጨረሰው አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ የጠጣ አንሶላ ከማሽን ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ ማድረቂያ ሲያነሳ ኖሮ በመጨረሻ ወገቡ እምቢ አለ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበፊቱ ብሶበት ወጣ። አሁን ግራ እግሩ እየደነዘዘ ይከዳዋል፤ ካልሲውን የምታጠልቅለት ሚስቱ አይሻ ናት። ሆቴሉ አሰናበተው፣ የሕመም ክፍያውም ተቋረጠ። የቀረው መንግሥት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጠው፣ የጄኔቫ አበሻ ሁሉ «አኢ» የሚለው ጡረታ ብቻ ነበር። አመለከተ። ዙሪክ ወዳለ ሐኪም ላኩት፤ ሐኪሙም መረመረውና ይህ ሰው መሥራት ይችላል ብሎ ጻፈ። በዚያው ተከለከለ።

የሚያበሽቀው ምክንያቱ ነው። ያን ቀን ዓብዱልሰመድ የተዳረበትን ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ነበር የሄደው። ሰው ዘንድ ጎስቋላ መስሎ አይኬድማ። ሐኪሙ ሲገባ ተነሳ። ነርሷ ስትገባ ተነሳ። ሐኪሙ ወረቀት ሊያመጣ ወጥቶ ሲመለስ እንደገና ተነሳ፤ ሲሰነባበቱም ቀድሞት ሄዶ በሩን ከፈተለት። ወገቡ በእሳት ሲለበለብ ፊቱ አልጨፈገገም። እንዴት ነህ ሲባልም «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። ሐኪሙ ያየውን ጻፈ፤ ምን ያድርግ? የወሎ ሰው ወገቡ ቢቆረጥም ለእንግዳ እንደሚነሳ ማን ነግሮት?

ማዳም ፔሬ አቅም የሌላቸውን ሕመምተኞች በነፃ የሚረዳ ማኅበር ጠበቃ ናት። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዳ ስትከራከር ከርማ፣ በሌላ ሐኪም እንደገና እንዲመረመር አስወሰነችለት። ምርመራው አሁንም ዙሪክ ነው። እዚያም ይችላል ከተባለ ሌላ የሚኬድበት በር የለም።

«ንገሪልኝ» አለች ሉበናን። «እንዲያስመስል አልፈልግም። ማስመሰል ወንጀልም ነው። ወገቡ ተቀመጥ ሲለው ይቀመጥ፣ ሌላ ምንም አልጠይቀውም።»

ሉበና በተሰባበረው አማርኛዋ ተረጎመችለት።

«ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ ልቀበል?»

«ዊ፣ አዎ፣ አባ።»

«እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም።»

ይህን ሉበና አልተረጎመችውም።

ጄኔቫ ዳር ኦኔ በሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ውስጥ ልምምድ ተጀመረ። ሉበና ከሳሎን ትወጣና በሩን አንኳኩታ ሐኪም ሆና ትገባለች። ዓብዱልሰመድ ሶፋው ላይ እንደተጣበቀ ለመቅረት ይታገላል። መጀመሪያ ላይ ሳያስበው መቀመጫውን ከፍ ያደርግና ደንግጦ ይመለሳል፤ አይሻ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። ቀስ በቀስ ግን ለመደው። ለገዛ ልጅ አለመነሳት ምን ይከብዳል?

ከባዱ እሑድ ዕለት መጣ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ አስፋ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ጡረተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁት ገቡ። ሉበና ከጀርባቸው ሆና ቁጭ በል እያለች በእጇ ምልክት ሰጠችው። ዓብዱልሰመድ ልጁን አየ፣ ጋሽ አስፋን አየ፣ ተነሳ። ግራ እግሩ ግን አልተከተለውም። ሶፋውና ጠረጴዛው መካከል በጉልበቱ ወደቀ።

«ኧረ በፈጠረህ፣ ማን ተነስ አለህ?» አሉ ጋሽ አስፋ፤ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም ለጥቂት ተረፉ።

አይሻና ሉበና ግራና ቀኝ ደግፈው መልሰው አስቀመጡት።

«ደህና ነኝ» አለ እያለከለከ። «ምንም አልሆንኩም።»

«አትበለኝ» አለች አይሻ። በልምምዱ ስትስቅ የነበረችው ሴት አሁን ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ነው። «ቨርሷ ድረስ ሄጄ የሰው ቤት ሳጸዳ ውዬ ስገባ ደህና ነኝ ትለኛለህ። ትራስህን ነክሰህ ስታቃስት እየሰማሁህ፣ ሲነጋ ደህና ነኝ ትለኛለህ። አንድ ቀን እንኳ፣ ለእኔ ለሚስትህ፣ አልችልም ብትል ምን ነበረበት?»

ጋሽ አስፋ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ መሬት መሬት አዩ። ዓብዱልሰመድ አልችልም የሚለውን ቃል ካፉ አውጥቶት አያውቅም። አንዴ ከወጣ በቃ እውነት ሆኖ የሚቀር ስለሚመስለው ይፈራው ነበር።

ዙሪክ የሄዱት እሱና ሉበና ናቸው፣ በጠዋት ባቡር። አይሻ ሙሉ ልብሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበት የቤት ሹራቡን አልብሳዋለች። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ ቤተሰብ ማስተርጎም አይችልም ተባለና ሉበና መጠበቂያው ክፍል ቀረች። «አባ፣ እንዳትነሳ» አለችው ጆሮው ስር።

ሐኪሙ ገባ። ዓብዱልሰመድ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጁ ጨምድዶ ቁጭ እንዳለ ቀረ። ሐኪሙ ምንም ቅር ያለው አይመስልም፤ እጁን ጨብጦት ሄዶ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ያን ያህል የተጨነቅነው ለዚህ ነው እንዴ ብሎ ዓብዱልሰመድ ተገረመ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። ባለፈው ምርመራ በስልክ ነበር ያስተረጎሙለት፤ ዛሬ አስተርጓሚዋ በአካል መጡ። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ምርኩዝ የያዙ ሴት ናቸው።

«ብዙነሽ እባላለሁ» አሉ በአማርኛ። «ከዲቤንዶርፍ ስመጣ ባቡሩ አዘገየኝ፣ ይቅርታ።»

እናቱን ያህላሉ። እናቱ ደሴ ስትሞት ሄዶ አፈር አላለበሳትም፤ ያን ሳምንት የሥራ ፈረቃ የሚቀይረው አላገኘም ነበር።

እግሩ ሳያዘው መሬቱን ረገጠ፣ መቀመጫው ከወንበሩ ለቀቀ። ወገቡ ውስጥ እንደ ቢላ ወጋው። መነሳቱንስ ይነሳል፤ እስከዛሬ ሲነሳ ኖሯል፤ አንዴ ትንፋሽ መዋጥ ነው። የአይሻ የሚንቀጠቀጥ ከንፈር ፊቱ ላይ ድቅን አለ።

መልሶ ቁጭ አለ። ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ እጁን ከተቀመጠበት ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «መነሳት አልችልም።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትልቅ ሴት በምርኩዝ ቆማ እሱ ወንበር ላይ ተደላድሎ። አፈረ፣ ከልቡ አፈረ። ከእፍረቱ ስር ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ነገር የማስቀመጥ ያህል የሆነ ድካም ተሰማው።

ወይዘሮ ብዙነሽ እጁን ያዙት፣ ቶሎም አልለቀቁትም። ሐኪሙ ከኮምፒዩተሩ ቀና ብሎ ምን እንደተባባሉ በጀርመንኛ ጠየቃቸው።

«ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእኔ ብቻ ያልከኝ ነው ወይስ ልንገረው?»

ዓብዱልሰመድ በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ።

«ይንገሩት» አለ።